መሪ «ሥልጣን ጨምሩልኝ» ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

የ2009 ዓ.ም. ፋሲካ ዕለት ነው፤ ሚያዝያ 8። ዶሮው ተበልቷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የአጎቴ ቤት ቴሌቪዥን ዜና ላይ ነው። ቱርክ የፕሬዚዳንት ኤርዶዋንን ሥልጣን በሚጨምር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ ድምፅ እየቆጠረች ነበር። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ቆጠራው ልክ ከቡናው ጋር ገጠመ። በረካው ሲደርስ ውጤቱም ደረሰ፦ እሺ 51.4፣ እምቢ 48.6።

«አየህ?» አለኝ አጎቴ። «ሰውየው አምባገነን ቢሆን ኖሮ 99 ከምናምን ይል ነበር። ይሄማ ንጹሕ ፉክክር ነው።»

«እውነትህን ነው ጋሼ» አልኩት። አምኜበት ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሩሲያም ቱኒዚያም ተመሳሳይ ድምፅ ሰጥተዋል። በየጊዜው ስንከራከር የምሰማው ግን ያንኑ የፋሲካውን ወሬ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን ልዘርዝራቸው ብዬ ተነሳሁ። የማወራው በአብዛኛው ስለ ቱርክ ነው፤ ከሁሉም በቅርብ የተከታተልኩት እሱን ስለሆነ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ የእኛ ነው ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«99 በመቶ ካልሆነ ንጹሕ ነው» ማለት

የአጎቴ ስህተት ይሄ ነው። የሚገርመው መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ጓድ መንግሥቱን ፕሬዚዳንት ያደረጋቸው ያ ሕገ መንግሥት ነው። አጎቴ ራሱ ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቶበታል። የተነገረው ውጤት 81 በመቶ ድጋፍ ነበር እንጂ 99 አልነበረም። የደርግ ቆጠራ እንኳ 18 በመቶ ተቃውሞ አስመዝግቧል። እና ያ ንጹሕ ፉክክር ነበር?

በሌላው ጫፍ ቱኒዚያ አለች። ጁላይ 25 ቀን 2022 የፕሬዚዳንት ካይስ ሰዒድ ሕገ መንግሥት 94.6 በመቶ አገኘ ተባለ። ድምፅ ሊሰጥ የወጣው ግን ከመራጩ 30.5 በመቶው ነው። ቱርክ ላይ ደግሞ 85 በመቶው ወጥቶ ለጥቂት አለፈ። የእሺታው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም። ስንት ሰው ወጣ? ከመውጣቱ በፊትስ ማን እንዲናገር ተፈቀደለት? እነዚህ ካልተጨመሩበት ፐርሰንቱ ባዶ ነው።

መጭበርበርን ኮሮጆ ውስጥ ብቻ መፈለግ

ከ97 ምርጫ ወዲህ እኛ «ማጭበርበር» ሲባል የሚታየን ኮሮጆ ግልበጣ ነው። ቱርክ ውስጥ ግን ዋናው ነገር የተከናወነው ኮሮጆው ሳይከፈት በፊት ነው።

ጁላይ 15 ቀን 2016 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። ታንክ ድልድይ ዘጋ፣ ፓርላማው በአየር ተደበደበ፣ ወደ 250 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሳምንት ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ100 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኛ ተባረረ። ከ100 በላይ መገናኛ ብዙኃን ተዘጉ። በኖቬምበር የኩርዶች ድምፅ የሚባለው የሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሁለት መሪዎች፣ ሰላሃቲን ዴሚርታሽና ፊገን ዩክሴክዳ፣ ታሰሩ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው በዚህ አዋጅ ውስጥ ነው። (በዚያን ሰሞን እኛም አገር ኮማንድ ፖስት ነበር። አዋጅ ባለበት አገር ሰው ካፌ ውስጥ እንዴት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያወራ ላንተ አልነግርህም።)

በቅስቀሳው ወቅት ፕሬዚዳንት ረጀብ ጣይብ ኤርዶዋን እምቢ የሚል ሰው በአንድ በኩል ከጁላይ 15ቱ ወገን መቆሙ ነው እስከማለት ደረሱ። እንግዲህ አስበው። ጎረቤትህ የተቃውሞ ፖስተር ሲሰቅል መፈንቅለኛ ሊባል ነው። ዓለም አቀፍ ታዛቢዎች በማግስቱ ያወጡት መግለጫም ፉክክሩ በእኩል ሜዳ ላይ አልተደረገም የሚል ነበር።

ኮሮጆውም ቢሆን ያለ ጣጣ አላለፈም። የቱርክ ሕግ የድምፅ መስጫው ወረቀት ጀርባ ላይ የጣቢያው ማኅተም እንዲኖር ያዛል። ወረቀቱ ከውጭ ተሞልቶ እንዳይገባ ነው። ቆጠራ በተጀመረበት ሰዓት ከፍተኛው የምርጫ ቦርድ «ከውጭ መምጣቱ ካልተረጋገጠ ማኅተም የሌለውም ይቆጠር» ብሎ ወሰነ። ጨዋታው ተጀምሮ ሕጉ ተቀየረ ማለት ነው። በእሺና በእምቢ መካከል የነበረው ልዩነት 1.38 ሚሊዮን ድምፅ ገደማ ነው። ተቃዋሚዎች ይሰረዝልን አሉ። ቦርዱ 10 ለ 1 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ያ አንድ ሰው ምን ብሎ ተለየ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ማር የተቀባውን አንቀጽ ብቻ መቅመስ

የቱርኩ የድምፅ መስጫ ወረቀት ለሁለት የተከፈለ ነበር። ግራው ነጭ፣ «ኤቬት» የሚል፤ እሺ ማለት ነው። ቀኙ ቡናማ፣ «ሃይር» የሚል፤ እምቢ። በቃ። ጥያቄው እንኳ አልተጻፈበትም። (በነገራችን ላይ ያው «ሃይር» የሚለው ቃል ቱርክኛ ውስጥ መልካም ነገርም ማለት ነው። የእኛው «ኸይር» ነው። ተቃዋሚዎቹ በዚህ ብዙ ቀልደውበታል።)

ከዚያች ወረቀት ጀርባ 18 የማሻሻያ አንቀጾች ነበሩ። ለፓርላማ ለመወዳደር ዕድሜ ከ25 ወደ 18 ይውረድ ይላል አንዱ። ወጣት ሁሉ ይወደዋል። ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ይቅሩ ይላል ሌላው። መፈንቅለ መንግሥት የሰለቸው ሁሉ ያጨበጭባል። ከእነዚህ ጎን ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ይፍረስና ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ካቢኔውን ይሹም የሚል አለ። ይሄንን እሺ፣ ያንን እምቢ ማለት አይቻልም። ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም።

ሩሲያ በ2020 የሠራችው ከዚህም የባሰ ነበር። የጡረታ አበል በየዓመቱ ይስተካከላል፣ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው፣ የእግዚአብሔር ስም ይጠቀሳል፤ እዚያው ውስጥ ደግሞ የፑቲን የሥልጣን ዘመን እንደ አዲስ ከዜሮ ይቆጠራል። አያቴን «ጡረታሽ ይጨመር ወይ?» ብለህ ብትጠይቃት እምቢ ትላለች? ሕጉ በፓርላማ አልፎ ተፈርሞም ነበር። ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥ አዲሱ ሕገ መንግሥት ታትሞ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ይሸጥ ነበር።

የእኛም የ1979ኙ ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት ሲቀርብ ብዙ ካከራከሩት ነገሮች አንዱ ከአንድ በላይ ማግባትን የሚከለክለው ሐሳብ ነበር። ትዳር የሁሉም ሰው ጉዳይ ነውና አይገርምም። ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተነስቶ የሚሟገት ግን ከየት ይመጣል?

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ረቂቅ እጅህ ሲገባ ከኋላ ጀምረህ አንብበው። ማሩን እለፍና «ፕሬዚዳንቱ» የሚለው ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስምርበት። እኔ የቱርኩን እንደዚያ ሳደርግ ነው የገባኝ።

ሰውየውን ማየት፣ ወንበሩን መርሳት

ይሄ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ክርክሩ ሁሉ «ኤርዶዋን ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ?» የሚል ነበር። ወረቀቱ የሚጠይቀው ግን ስለ ወንበሩ ነው። ሰውየው ነገ ይሞታል፤ ወንበሩ ይቀራል፤ ማን እንደሚቀመጥበት አታውቅም።

ወንበሩን እስቲ በጣት እንቁጠረው። ዳኞችንና ዐቃቤ ሕጎችን የሚሾምና የሚያዛውር ጉባኤ አለ። አባላቱ ከ22 ወደ 13 ተቀነሱ። ከ13ቱ 4ቱን ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይመርጣል። የፍትሕ ሚኒስትሩና ምክትሉ በወንበራቸው አባል ናቸው፤ እነሱንም የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። ስድስት ሆኑ። የቀሩትን 7 ፓርላማው ይመርጣል። ጥሩ፣ ፓርላማው አለ! ግን አዲሱ ሕግ ፕሬዚዳንቱ የፓርቲ አባል እንዲሆን ፈቀደ። ኤርዶዋን ሕዝበ ውሳኔው ካለፈ ገና በወሩ አካባቢ የፍትሕና ልማት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነው ተመለሱ። ሊቀ መንበር ደግሞ የዕጩዎችን ዝርዝር የሚይዝ ሰው ነው። ስለዚህ ሰባቱን የሚመርጡትን ሰዎች ማን መረጣቸው?

ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት 15 ዳኞች አሉት። 12ቱን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። ፕሬዚዳንቱን ለመክሰስ ከ600 የፓርላማ አባላት 400 ያስፈልጋል። 400 ተገኝቶ ቢከሰስ የሚዳኘው ያው ፍርድ ቤት ነው። በማርች 2017 የቬኒስ ኮሚሽን፣ የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ አማካሪ ማለት ነው፣ ማሻሻያው አደገኛ የኋሊት እርምጃ ነው ያለው ይህንን ቆጥሮ ነው።

ይሄ የወረቀት ነገር ይመስላል። ግን ወርዶ ኑሮ ውስጥ ገባ። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ከጁላይ 2019 እስከ ማርች 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ሦስት ጊዜ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ተነሳ። ኤርዶዋን ወለድ ሲጨምር ዋጋ ይጨምራል ብለው ያምናሉ፤ ገዥዎቹ ደግሞ ወለድ ጨመሩ ወይም አልቀንስ አሉ። ሕዝበ ውሳኔው በተደረገበት ሰሞን አንድ ዶላር 3.7 ሊራ አካባቢ ነበር። በ2021 መጨረሻ ከ13 በላይ ሆነ። በኦክቶበር 2022 የመንግሥት አኃዝ እንኳ የዋጋ ንረቱን 85 በመቶ አደረሰው። ከኢስታንቡል ልብስ እያመጡ የሚሸጡ የመርካቶ ሰዎች ይሄንን ከጋዜጣ አይደለም ያወቁት።

ሌላም ልጨምር። ቱርክ ሴቶችን ከጥቃት የሚከላከለውን የኢስታንቡል ስምምነት በፓርላማዋ አጽድቃ ነበር። በማርች 2021 በአንድ ሌሊት፣ በአንድ የፕሬዚዳንት ውሳኔ፣ ከስምምነቱ ወጣች። ፓርላማውን የጠየቀው የለም።

«እሺ» ያሉትን ሞኝ ማድረግ

ይሄ የተማርን ነን የምንል ሰዎች በሽታ ነው። 25 ሚሊዮን ሰው እሺ ብሏል። ሁሉም ሞኝ ነው ካልክ ገና ምንም አልገባህም።

እስቲ በማዕከላዊ ቱርክ ኮንያ የምትኖር ሂጃብ የምትለብስ ሴት ሁን። በ1999 ሜርቬ ካቫክቺ የምትባል ተመራጭ ሂጃብ ለብሳ ፓርላማ ስትገባ አባላቱ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ውጪ!» ብለው ጮኹባት፤ ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ወጣች። ያኔ ሂጃብ ለብሰህ ዩኒቨርሲቲ መማር ክልክል ነው። ኤርዶዋን ራሳቸው ግጥም አንብበሃል ተብለው በዚያው ዓመት 4 ወር ታስረዋል። ከዚያ ይሄ ሰውዬ ሥልጣን ያዘ። ልጅሽ ሂጃቧን ለብሳ ተማረች። መንገድ ተሠራ፣ ሆስፒታል ወረፋው ቀነሰ። በዚያ ላይ የ1990ዎቹ ጥምር መንግሥታት ትዝ ይሉሻል፤ አንዱ ሳይቆም ሌላው ይወድቃል። የ2001ዱ ቀውስ ባንኩን ሁሉ ይዞት ሲወድቅ አይተሻል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ወታደር ሊገለብጥ ሞከረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። «ጠንካራ ሰው ይሁን፣ ይኸው ነው» ትያለሽ። ኮንያ ላይ እሺታው ወደ 73 በመቶ የደረሰው ለዚህ ነው።

የዲያስፖራውም ነገር እንደዚሁ ነው። ጀርመን ከሚኖሩ ቱርኮች መካከል ድምፅ ከሰጡት 63 በመቶው እሺ አለ። «በነጻነት አገር እየኖሩ እንዴት?» ተባለ። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ እምቢ አሉ። ጀርመን የሄዱት በ1961ዱ የሠራተኛ ስምምነት ከአናቶሊያ መንደር የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አሜሪካ የሄደው በብዛት ተማሪና ባለሙያ ነው። ሄዶ የተቀየረ የለም፤ ድሮም የተለያየ ሰው ነው የሄደው። በዚያ ላይ ድምፁ ሊሰጥ አንድ ወር ሲቀረው ሆላንድ የቱርክን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አውሮፕላን አላሳርፍም አለች፤ ሌላዋን ሚኒስትር ከሮተርዳም አስወጣች። ለኤርዶዋን ከዚህ የበለጠ የቅስቀሳ ስጦታ ማን ይሰጣቸዋል? «አያችሁ እንዴት እንደሚንቁን!» ነው የሚባለው።

የሚያሳዝነኝ ኮንያ ያለችው ሴት ፍርሃቷ እውነተኛ መሆኑ ነው። ሂጃቧን የከለከላት ያልተገራ ሥልጣን ነበር። መድኃኒት ብላ የመረጠችውም ያልተገራ ሥልጣን ሆነ።

ነገሩ በዚያች ቀን የተጀመረ መምሰል

በ2007 ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጥ ተባለና 69 በመቶው እሺ አለ። ምን ክፋት አለው? በ2010 የፍርድ ቤቶቹ አወቃቀር ይቀየር፣ የ1980 መፈንቅለኞች ያለመከሰስ ከለላ ይነሳ ተባለ፤ 58 በመቶ። ብዙ ለዘብተኛ ምሁራን ያኔ «አይበቃም፣ ግን እሺ» የሚል መፈክር ይዘው ነበር። በኋላ ይሄ መፈክር በየክርክሩ መሰደቢያቸው ሆኗል። በ2014 ኤርዶዋን በሕዝብ ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጃንዋሪ 2017 የብሔረተኞቹ መሪ ዴቭሌት ባህቼሊ ድጋፍ ታክሎበት ማሻሻያው በ339 ድምፅ ፓርላማውን አለፈ፤ ለሕዝበ ውሳኔ የሚያስፈልገው 330 ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ ሲወጡት ዝቅተኛ ነው።

ቤት መቅረት

ቱኒዚያ ላይ ተቃዋሚው በአብዛኛው «አንሳተፍም» አለ። ረቂቁን እንዲያዘጋጅ የተሾመው የሕግ ምሁር ሳዶክ በልዒድ ራሱ «የታተመው የእኔ አይደለም» ብሎ ነበር። ግን «ይህን ያህል መራጭ ካልወጣ አይጸድቅም» የሚል ገደብ አልነበረም። የቀረው ቀረ፣ ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። ማደም የሚሠራው «ከዚህ በታች ከወጣ አይጸድቅም» የሚል ቁጥር ካለ ነው። መጀመሪያ እሱን አረጋግጥ።

«ድምፅ ብንሰጥስ ምን ሊመጣ»

የቺሊው ፒኖቼ በ1988 «ስምንት ዓመት ጨምሩልኝ» ብለው ጠየቁ። 56 በመቶ ገደማው እምቢ አለ። ተቃዋሚው ሰው በገፍ አስመዘገበ፣ በየምሽቱ የተሰጠችውን 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ሰዓት ለዘፈንና ለሳቅ ተጠቀመባት፣ ድምፁንም በየጣቢያው ራሱ ቆጠረ። የዚምባብዌው ሙጋቤም በ2000 በሕዝበ ውሳኔ ተሸንፈዋል። የቬኔዝዌላው ቻቬዝም በ2007 ለጥቂት ተሸንፈዋል።

እምቢታውንም ግን የመጨረሻ አድርገህ አትየው። ዚምባብዌ ውስጥ ከሽንፈቱ ሳምንታት እንኳ ሳይሞሉ የነጭ ገበሬዎች እርሻ ወረራ ተጀመረ። ቻቬዝ በ2009 የሥልጣን ገደቡን ብቻ ለይተው መልሰው ጠየቁ፤ በ55 በመቶ ገደማ አለፈላቸው።

«አለቀ» ማለት

በዚያች የፋሲካ ምሽት ኤርዶዋን ለተቃዋሚዎቻቸው አንድ የቱርክ ተረት ተናገሩ፦ «ፈረሱን የወሰደው ኡስኩዳርን አልፏል።» በእኛ አባባል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደማለት ነው። ኡስኩዳር በኢስታንቡል የእስያው ዳርቻ ያለ ሰፈር ነው። የኤርዶዋን ቤት እዚያ ነው፤ ያን ቀን ድምፅ የሰጡትም እዚያ ነው። ተረቱ ሲነገር ግን የኡስኩዳር ኮሮጆ ተቆጥሮ ነበር። ሰፈራቸው እምቢ ብሏል፤ ኢስታንቡልም፣ አንካራም፣ ኢዝሚርም እንደዚያው።

የጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ይፍረስ ብለው አገር ምድሩን ዞረው የቀሰቀሱት ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው ነበሩ፤ ቢናሊ ዪልዲሪም። ወንበራቸው ሲፈርስ በ2019 ለኢስታንቡል ከንቲባነት ተወዳደሩ። በተቃዋሚው ዕጩ በኤክሬም ኢማሞግሉ በ13 ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፉ። ያው የማኅተሙ ቦርድ ምርጫውን ሰረዘው። ሲደገም ልዩነቱ ከ800 ሺህ በላይ ሆነ። በማርች 2025 ግን ኢማሞግሉ ታሰሩ።

ኡስኩዳርም በ2024ቱ የአካባቢ ምርጫ ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ዞረ። ይሄንን ለአጎቴ ስነግረው ስኒውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ።

«ፈረሱስ?» አለኝ።

«ፈረሱማ እሳቸው ጋ ነው» አልኩት።